ለጀማሪ የሊሚት ተጫዋቾች፦ ከፍሎፕ በፊት ዋጋውን ቁጠሩ

ይድረስ፦ ስድስትና ከዚያ ያነሰ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ሊሚት ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት መጫወት ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

በሊሚት የውርርዱ መጠን የተቆረጠ ነው። በትልቅ ገንዘብ አስፈራርታችሁ ማንንም ካርታ አታስጥሉም። በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ስሌት ነው፤ ስሌቱም የሚጀምረው ሁለቱ ካርታዎች እንደታደሉ ነው።

የ2/4 ጠረጴዛ እንውሰድ። ካርታ ሳይታይ በግድ ከሚያስይዙት ሁለት ሰዎች ስሞል ብላይንድ 1 ቺፕ፣ ቢግ ብላይንድ 2 ቺፕ ያስቀምጣል። ከፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) በፊት ሬይዝ፣ ማለትም ውርርዱን መጨመር፣ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 6፣ በመጨረሻ ወደ 8 ይወጣል፤ እዚያ ይዘጋል። እደላው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ሲዞር ለብላይንድ 3 ቺፕ ታወጣላችሁ። ዐሥር ሰው ሲኖር ይህ በአንድ እደላ 0.3 ቺፕ ነው፤ በስድስት ሰው 0.5፤ በሦስት ሰው ግን 1 ሙሉ ቺፕ። ትልልቅ ካርታ ብቻ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ከፊታችሁ ያሉት ሁሉ ጥለው ተራው ከደረሳችሁ ወይ ሬይዝ አድርጉ ወይ ጣሉ። 2 ቺፕ ብቻ ከፍሎ መግባት ለቢግ ብላይንዱ ፍሎፑን በነፃ መስጠት ነው። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ሰው ሊሚት ሆልደምን እንደፈቱ ያስታወቁበት ፕሮግራም እንኳ በአዳዩ ወንበር ሆኖ ዝም ብሎ ኮል አያደርግም (ሳይጨምር እኩል ከፍሎ አይገባም) ማለት ይቻላል።

ከስድስት ሰው የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ በእኔ ሚዛን፣ ከሚታደሉት ካርታዎች አንድ አምስተኛው ይበቃል፤ በተን (የአዳዩ ወንበር) ላይ 40 በመቶ ገደማ ድረስ መስፋት ይቻላል። ኤስ-ጃክና ኪንግ-ኩዊን እዚህ ዋጋቸው ይጨምራል። 6-5 አንድ ምልክት ቢሆን እንኳ ከመጀመሪያው ወንበር ይጣል፤ ሲመታ የሚከፍለው ብዙ ሰው የለም። ጥንድ 2ም ፍሎፕ ላይ ሦስተኛዋን የሚያገኘው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ወጣቶች አብዝተው የሚሳሳቱት ቢግ ብላይንድ ላይ ነው። በተን ወደ 4 ጨመረ፣ ስሞል ብላይንዱ ጣለ እንበል። መሐል 7 ቺፕ አለ፤ እናንተ 2 ትጨምራላችሁ። 2 ለ9 ሲካፈል 22 በመቶ ነው፤ ለመግባት ይህን ያህል የማሸነፍ ዕድል ይበቃችኋል። 8-7 የተለያየ ምልክት ሆኖ ከኤስ-ኪንግ ጋር ቢገጥም እንኳ ከሦስት አንድ በላይ ያሸንፋል። ኪንግ-3 ግን ከዚያው ኤስ-ኪንግ ጋር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ኪንጉ በተቃዋሚው እጅም ተይዟላ! ስለዚህ ሰፋ አድርጋችሁ ተከላከሉ። ደግማችሁ ወደ 6 የምትጨምሩት ግን ከግማሽ በላይ የማሸነፍ ዕድል ሲኖራችሁ ነው፤ ተቃዋሚው 11 ቺፕ እያየ 2 ለመክፈል አያቅማማምና ማስጣል አይታሰብም።

ስሞል ብላይንድ ላይ ሒሳቡ ይጠብቃል። ያንኑ ሬይዝ ኮል ለማድረግ 3 ቺፕ ትከፍላላችሁ፤ የሚያስፈልገው 30 በመቶ ነው። ኮል ስታደርጉ ደግሞ ከኋላችሁ ያለው ቢግ ብላይንድ ለ10 ቺፕ 2 ብቻ ይከፍላል፤ በምንም ይገባል። ወደ 6 ጨምሩበትና 4 ይክፈል፤ ካልሆነ ጣሉ። በተን ላይ ሆናችሁ ከፊታችሁ የጨመረ ሰው ሲኖርም እንዲሁ ነው፦ በ9 ጥንድ ወደ 6 መጨመር ብላይንዶቹን ያስወጣል፣ ኮል ማድረግ ይጋብዛቸዋል።

የመጫወቻ ቤቱ ከመሐል የሚቆርጠው ድርሻ ካለ የ22 በመቶው ሒሳብ ከፍ ይላል፤ በጠርዝ ላይ ያሉት ካርታዎች መጀመሪያ ይውጡ። ከመቀመጣችሁም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር 8 ላይ መዘጋቱ ይነሳል ወይ? በብዙ ቤቶች ይነሳል፤ ያን ጊዜ ጥንድ ኤስ ይዞ መጨመር የሚያቆም ሰው ገንዘብ ጥሎ ሄደ ማለት ነው።