ፓፍ ያላሻለው «አስም»፦ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

በሕፃናት ልብ ክፍል ነርስ ነኝ። አኦርታ፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ የአየር ቧንቧን ስለሚያንቅበት የተፈጥሮ ችግር ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወሩ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ትንፋሹ ይሰማል። አስም ነው ተብሎ ፓፍ ታዘዘለት፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ «ከተወለደ ጀምሮ» ያልሽው ነው ያሳሰበኝ። አስም ይነሳል፣ ይተዋል፤ ሲር ሲር የሚለውም በብዛት አየር ሲወጣ ነው። ቧንቧው ከውጭ ሲጫን ግን ድምፁ አይለቅም፣ አየር ሲገባም ይሰማል፣ ሲጠባና ሲያለቅስ ይብሳል። ሳሉም የውሻ ጩኸት ይመስላል። ፅንስ ሳለን አኦርታ በቀኝም በግራም ቅስት አለው፤ የቀኙ መጥፋት ሲገባው ሁለቱም ከቀሩ የአየርና የምግብ ቧንቧን እንደ ቀለበት ይከባሉ። ፓፍ የሚያላላው የቧንቧውን ጡንቻ ነው፤ ከውጭ የተጠመጠመን ደም ቅዳ ምን ያደርገዋል?

አንድ ልጅ አይረሳኝም። እናቱ አንገቱን ባቃናችው ቁጥር መልሶ ወደ ኋላ ይለጥጠዋል። «ግትር ነው» ትለኝ ነበር። ልጁ ግን አየር ፍለጋ ነበር።

ቶሎ አትደንግጪ፤ ከልደት ጀምሮ ለሚሰማ ድምፅ በብዛት ምክንያቱ የማንቁርት መላላት ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ብቻ ይታይ።

ጥያቄ፦ ጡት ደህና ይጠባ ነበር፤ ምግብ ስንጀምርለት ያንቀው ጀመር።

መልስ፦ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ። ቀለበቱ የምግብ ቧንቧንም ያጠባል።

ጥያቄ፦ ራጅ ተነስቶ «ሳንባው ንጹሕ ነው» ተባልን። በቃ?

መልስ፦ ሳንባው ብቻ ከታየ አልበቃም። አኦርታው በቀኝ ይዞር እንደሆነ አስጠይቁ። ቁርጡን የሚናገረው በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ «እንጥሉን እናስቆርጠው» ትላለች።

መልስ፦ በፍጹም! ችግሩ ደረት ውስጥ ነው፤ እንጥል ቢቆረጥ ትርፉ መድማትና መመረዝ ነው። እማማን ይዘሻቸው ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ከአንቺ ይልቅ እሱን ይሰሙ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልብ ይከፈታል?

መልስ፦ ለድርብ አኦርታ፣ ሁለቱም ቅስቶች ለቀሩበት፣ ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። በጎድን አጥንቶች መሃል ገብተው የቀጠነውን ቅስት ቆርጠው ይሰፉታል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ ቦስተን ውስጥ በ1945 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተሠራላት 2 ወሯ ነው፤ ድምፁ አሁንም አለ።

መልስ፦ ሲጨፈለቅ የቆየ ቧንቧ እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል፤ ክትትሏን አታቋርጪ። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ትንፋሿ ከተቋረጠ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።