የሃምስተሩ ሌሊትና የእኛ እንቅልፍ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን ሥራዬ ሹፌርነት ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ እወጣለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ውሻ እንድንገዛላት ለሁለት ዓመት ስትወተውተን ከቆየች በኋላ፣ በትንሽ ነገር እንገላገላለን ብለን ባለፈው ጥር ሃምስተር የሚባል አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ገዛንላት። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ አይታው «ሰው አይጥ ከቤቱ ያስወጣል እንጂ ገንዘብ ከፍሎ ያስገባል?» ብላ ስቃብናለች፤ እኔ ግን መሣቅ ካቆምኩ ሰነበትኩ። ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ይተኛና እኛ መብራት ስናጠፋ ተነሥቶ የሚሮጥበት መሽከርከሪያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሲጥ ሲጥ ሲያሰኘው ያድራል። አብሮት ከሱቅ የመጣውን የሽቦ ቤት ያስቀመጥነው በልጃችን ኮሞዲኖ ላይ ሲሆን እርሷ ድብን ብላ ስለምትተኛ አትሰማውም፤ በግድግዳው በኩል የምንሰማው እኛ ነን። መሽከርከሪያውን ባወጣበት ሽቦውን ይግጥ ጀመር፤ ጋቢ ብደርብበት ጫፉን በሽቦው መሃል ስቦ አስገብቶ፣ ቆራርጦ ተኛበት። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ እርሷም ቤት በምታድርበት ጊዜ ዕረፍት አጥታለች። ቀን ካልተኛ ሌሊት ይተኛል ብለን ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንድትቀሰቅሰው ነግረናት ነበር፤ ትናንት ጣቷን ነከሳት። ለሌላ ሰው ሳንሰጠው መተኛት የምንችልበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ መንገዱ አለ፤ ነገር ግን በቅድሚያ የቀኑ ቅስቀሳ ዛሬውኑ ይቁም። ከሌሊት ሥራ ገብቶ ገና እንቅልፍ የወሰደውን ሰው መቀስቀስ ምን እንደሚያስከትል ባለቤትዎን ቢጠይቁ ከእኛ የተሻለ ያስረዱዎታል። ሃምስተሩም የነከሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ በእርሱ እኩለ ሌሊት ጎጆው ውስጥ ጣት ስለገባበት ነው።

የዚህ እንስሳ ሰዓት በልምምድ የሚገራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመንቃትና የመተኛት የዕለት ዑደቱ ወደ 20 ሰዓት ያጠረ ሃምስተር በቤተ ሙከራ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከእንዲህ ዓይነቱ ሃምስተር አንጎል ጥቂት ሕብረ ሕዋስ ወስደው የራሱ ሰዓት እንዲጠፋ ወደ ተደረገ ሌላ ሃምስተር ሲያዛውሩ፣ ተቀባዩ በሰጪው ሰዓት መንቃትና መተኛት ጀመረ። ሰዓቱ ያለው አንጎሉ ውስጥ ነው፤ የሚያስተካክለውም የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ እንጂ ድካም አይደለም። ስለዚህ ቀን እንቅልፍ የነሡት ሃምስተር ሌሊትም ይሮጣል፤ የሚለየው ደክሞትና ተቆጥቶ መሮጡ ብቻ ነው።

መሽከርከሪያውን ማውጣትዎ ደግሞ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ዓይነት ሆኗል። ሃምስተር በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ፍጥረት ነውና መሮጫውን ሲያጣ ጉልበቱን በሽቦው ላይ ያወጣል። የሽቦው ድምፅ ደግሞ፣ እርስዎም እንደደረሱበት፣ ከመሽከርከሪያው የከፋ ነው። ይመልሱለት፤ ከመመለስዎ በፊት ግን በሌሊት አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡና የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለይተው ያዳምጡ። ሲጥ ሲጥ የሚለው የመሽከርከሪያው እምብርት ነው፤ ከቤቱ አውጥተው ካጸዱት በኋላ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ይበቃዋል። የመኪና ቅባት ግን ይልሰዋልና አይጠቀሙ። ኳ ኳ የሚለው መሽከርከሪያው ከሽቦው ጋር የታሰረበት ቦታ ሲሆን፣ በራሱ እግር የሚቆም መሽከርከሪያ ይህን ያስቀራል። ጠቅ ጠቅ የሚለው የውኃ ጡጦው ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ናት፤ ከባድ የሸክላ ሳህን በቦታዋ ቢገባ ድምፁ አብሯት ይሄዳል።

አዲስ መሽከርከሪያ የሚገዙ ከሆነ መሮጫው ድፍን እንጂ እግር የሚያሾልክ ፍርግርግ እንዳይሆን፣ የክቡ ስፋትም (ዲያሜትሩ) የሶርያ ሃምስተር ለሚባለው ትልቅ ዝርያ 28 ሴንቲሜትር ያህል እንዲሆን ይጠንቀቁ። መለኪያ ባይኖርዎት ሲሮጥ ጎኑን ይዩት፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ከሮጠ ልክ ነው፣ ወደ ላይ ከተቀለበሰ ጠቦታል። ከቤቱ ጋር አብረው የሚሸጡት መሽከርከሪያዎች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው፤ ቤቶቹም እንደዚያው። ሱቆች ይህን እያወቁ ለጀማሪ ተብሎ የተዘጋጀ እያሉ መሸጣቸው ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ጀማሪው ሰው ነው እንጂ እንስሳው አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ሽቦ የሚግጥ ሃምስተር በአብዛኛው የሚቆፍረው ያጣ ሃምስተር ነው። በዱር ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ መሬት ዘልቆ ጉድጓዱን ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ጣት በማይሞላ ጉዝጓዝ ላይ እናስቀምጠዋለን። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሃምስተሮችን 10፣ 40 እና 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባላቸው ጉዝጓዞች ላይ አኑረው ሲያነጻጽሩ፣ በ10 ሴንቲሜትሩ ላይ የነበሩት ከሌሎቹ በበለጠ ሽቦ ሲግጡ ተገኝተዋል፤ በመሽከርከሪያው ላይም ከሌሎቹ የበለጠ ሮጠዋል። ለእርስዎ እንቅልፍ ከዚህ የሚጠቅም ምርምር አላውቅም፤ ጉዝጓዝ ውስጥ የሚቆፍር ሃምስተር ድምፁ የደረቅ ቅጠል ኮሽታ ያህል ነውና።

በተግባር ይህ ማለት ሽቦ የሌለው፣ ወደ 1 ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ቤት ማለት ነው። ውኃ የሚያፈስ አሮጌ የዓሣ ገንዳ ከጎረቤት በርካሽ ይገኛል፤ ላዩ በወንፊት ሽቦ ይከደን እንጂ አይታፈን። በአንዱ ጎን ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የወረቀት ጉዝጓዝ ይሙሉና ጠቅጠቅ ያድርጉት፤ ካልተጠቀጠቀ የቆፈረው ሁሉ እየተናደ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ሽታው የሚያፍነውን የጥድ ሰጋቱራ ይተዉት። ምግቡን በሳህን ከማቅረብ ይልቅ ጥሬ ገብሱንና ጥቂት የፈረንጅ ሱፍ ፍሬ ጉዝጓዙ ውስጥ በትነው ይቅበሩለት፤ እየፈለገ፣ በጉንጩ እየሞላ፣ ወደ ጎተራው እያመላለሰ የሚያሳልፈው ሰዓት ሁሉ ከመሽከርከሪያው ላይ የተቀነሰ ሰዓት ነው።

ስለ ጋቢው አንድ ነገር ልጨምር። የጥጥ ክር በእግሩ ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆምበት፣ ቢውጠውም አንጀቱን ሊዘጋው ስለሚችል የቀረውን ቁራጭ ዛሬውኑ ያውጡ። ለመኝታው የተቀዳደደ፣ ሽታ የሌለው ሶፍት ይበቃዋል፤ ጋቢው ለእርስዎ ይቅር።

ኮሞዲኖውን በተመለከተ፣ መሳቢያዎቹ ባዶ ሆድ ያለው ከበሮ ናቸው፤ በላዩ የሚሮጠውን ሁሉ አጉልተው ወደ ግድግዳው ያስተላልፋሉ። ቤቱን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀው ወለል ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የስፖርት ምንጣፍ አድርገው ያሳርፉት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤትዎም ያመሰግንዎታል። ሳሎን ውስጥ ቦታ ካለዎት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ከማሞቂያው፣ ከመስኮቱ ብርድና ከቴሌቪዥኑ ግን ይራቅ። ኩሽና አይሆንም፣ መታጠቢያ ቤትም እንዲሁ።

የመጨረሻው ዘዴ ከሰዓቱ ጋር ከመጣላት ይልቅ ሰዓቱን ለራስ መጠቀም ነው። የሶርያ ሃምስተር ሩጫው የሚበረታው ጨለማው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መብራት በሚበራበት ክፍል ውስጥ ካለ ሩጫውን የሚጀምረው እናንተ ስትተኙ ይሆናል። ስለዚህ እርሱ ያለበት ክፍል በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ መብራቱ ይደብዝዝ፤ በራሱ ጊዜ ሲነሣ ልጅዎ ታውጣው፣ ወለል ላይ በተከለለ ቦታ ግማሽ ሰዓት ታጫውተው፣ ምግቡን ትቅበርለት፤ እርስዎም ወደ መኝታዎ ይሂዱ። ለውጡን ለማየት ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽቦ ባይኖርም እንኳ ያገኘውን ሁሉ እየጎረደ ምግብ ከቀነሰ ጥርሱ ሳይረዝምበት አልቀረምና የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ከኔታኒያ፣ እስራኤል ነው የምጽፈው። የእኛም ሃምስተር ሌሊት አያስተኛንም፤ ብቸኝነት ይሆናል ብለን ሁለተኛ ልንገዛለት አስበናል። ይረጋጋ ይሆን?

መልስ፦ አይረጋጋም፤ ይጋደላሉ። ዛሬ በየቤቱ የሚኖሩት የሶርያ ሃምስተሮች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ እ.ኤ.አ. በ1930 ሶርያ ውስጥ በአሌፖ አቅራቢያ ከጉድጓድ ካወጧት አንዲት እናትና ከ11 ግልገሎቿ ነው። እናቲቱ ከግልገሎቿ ጋር ሳጥን ውስጥ በገባች ጊዜ ከራሷ ልጆች አንዱን ነክሳ ገደለችው። ለአካለ መጠን የደረሰ የሶርያ ሃምስተር በዱርም በቤትም ብቻውን የሚኖር ነው፤ ሌላ ከገዙለት ሁለተኛ ቤት፣ ሁለተኛ ጉዝጓዝና ሌሊቱን የሚዞር ሁለተኛ መሽከርከሪያ አብረው መግዛት ይኖርብዎታል።