«አባቴ ሲሞት በአንድ ቃል እንኳ አላጽናናኝም»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እጮኛዬን አዲስ አበባ ያየው ሐኪም «አስፐርገር አለብህ» ብሎታል። ታማኝ ነው፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። ግን «እወድሻለሁ» የሚለኝ ስጠይቀው ብቻ ነው። ማታ ከዚራ ወክ ስናደርግ ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ያወራል፤ መከፋቴን ልብ አይልም። አባቴ ያረፈ ጊዜ አላለቀሰም። ድንኳን ሲያስተክል፣ ውኃ ሲያመላልስ ዋለ። ዘመዶቼ «ልብ የለውም» ይሉኛል። እውነት አስፐርገር ያለባቸው ሰዎች ስሜት የላቸውም?

ግራ የገባኝ

መልስ

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር።

ስሜትማ አላቸው። ይወዳሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ይጎዳሉም። የሚከብዳቸው የሰውን ፊትና የድምፅ ቃና አይቶ ውስጡን መገመት ነው። ብዙዎቹ የገዛ ስሜታቸውን እንኳ መናገር ይቸግራቸዋል። ልባቸው እየታመሰ ፊታቸው ላይ ምንም ላይነበብ ይችላል። አስፐርገር ዛሬ ከኦቲዝም (ከልጅነት ጀምሮ አእምሮ ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ ከሚሠራበት ሁኔታ) ጋር ይመደባል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አድርጓቸዋል።

ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን በ2012 የጻፈውን እወድለታለሁ። አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው ይላል። እነሱ እኛን ማንበብ እንደሚቸግራቸው፣ እኛም እነሱን ማንበብ ይቸግረናል። ዘመዶችሽ ላይ የማየው ይህንኑ ነው። በዚያ ሙቀት ለለቀስተኛ ውኃ ሲያመላልስ የዋለን ሰው ልብ የለውም አልልም። ሐዘንሽን የተካፈለው በሚችለው መንገድ ይመስለኛል። የባቡሩ ወሬም ቢሆን፣ ብዙዎቹ እጅግ የሚወዱትን ነገር የሚያካፍሉት ለሚቀርባቸው ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን አንቺ ዝም ብለሽ ቻይው ማለት አይደለም። ማኩረፍሽን አይቶ እንዲገባው አትጠብቂ። «አሁን ከፍቶኛል። መፍትሔ አልፈልግም፤ እጄን ይዘህ አጠገቤ ተቀመጥ» በይው። እንዲህ በግልጽ መናገር ያሳፍራል ብለሽ እንዳትተዪው፤ ብዙዎቹን ያሳርፋቸዋል። «እወድሻለሁ»ንም እንደዚሁ። አንዴ የተናገርኩት ካልተለወጠ ለምን እደግመዋለሁ ብሎ የሚያስብ አለ። መስማት እንደሚያስፈልግሽ ንገሪው። በግልጽ ነግረሽው፣ ገብቶትም ችላ ካለሽ ግን በአስፐርገር አታሳብቢለት።

ስለ ሠርጋችሁም ከአሁኑ ተነጋገሩ። ጩኸትና ግርግር ለብዙዎቹ በጣም ከባድ ነው። በድግሱ መሃል ወጣ ብሎ የሚያርፍበት ክፍል ይኑረው። እሱ ከፈቀደ ለሚዜዎቹም ቀድማችሁ ንገሩ።