የጃፓን ኑሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ምጣዱ፣ የቆሻሻው ከረጢትና የጁኑ ደመወዝ

ጥያቄ፦ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ በሚቀጥለው ወር ናጎያ ይመጡልኛል። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሳትይዝ እንደማትመጣ ነግራኛለች። ትራንስፎርመር ገዝቼ ልጠብቃት?

መልስ፦ ምጣዱ እዚያው ይቅር፣ ትራንስፎርመሩንም አይግዙ። የጃፓን የቤት መብራት 100 ቮልት ነው፣ ምጣዱ የተሠራው ደግሞ ለ220 ቮልት ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ሙቀቱም በግማሽ የሚወርድ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ወደ ሩብ መውረዱ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 100 ቮልት ላይ ሲሰካ ከ720 ዋት ገደማ አያልፍም። ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ እንደ ገንፎ ረግቶ ይቀራል።

ትራንስፎርመርም ቮልት ከፍ ያደርጋል እንጂ ኃይል አይፈጥርም። ምጣዱ 3,500 ዋቱን እንዲያገኝ ከግድግዳው 35 አምፔር መሳብ አለበት፤ አንድ ሶኬት የሚችለው 15 አምፔር፣ ማለትም 1,500 ዋት ነው። ብዙ ቤተሰብ ለመላው ቤቱ የሚዋዋለው እንኳ 30 ወይም 40 አምፔር ነው። «ለኤር ኮንዲሽነር የተዘረጋ የ200 ቮልት ሶኬት ስላለ ከዚያ ሰካው» የሚል ምክርም ይሰማሉ። በሒሳብ ያስኬዳል፤ 2,900 ዋት ገደማ ይሰጣል። ነገር ግን መስመሩ ለአንድ ዕቃ ተለክቶ የተዘረጋ ነው፣ የግድግዳ መስመር መነካካትም ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ብቻ የተተወ ሥራ ነው፣ ቤቱም የሰው ነው።

የሚያዋጣው በኤሌክትሮኒክስ መደብሮች «ሆቶ ፑሬቶ» እየተባለ የሚሸጠው የጠረጴዛ ምጣድ ነው። 1,300 ዋት አካባቢ የሆነ፣ ልሙጥ ገበታና ክዳን ያለው ይምረጡ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ገበታ ለሌላ ምግብ ነው። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና የምጣዱ ጠቋሚ መብራት ሲጠፋ ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ፤ መብራቱ የሚጠፋው መሃሉ ሲግል ሲሆን ጠርዙ ገና ነው። ሊጡን ሳሳ አድርገው ያፍሱ፣ ዓይኑ ሲወጣ ይክደኑ። የመጀመሪያው እንጀራ አምሮ ሁለተኛው የሚጣበቀው ገበታው ስለቀዘቀዘ ነው፤ መብራቱ ዳግም እስኪጠፋ ሳይጠብቁ አያፍሱ። በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ወይም የሩዝ ማብሰያ ካስነሱ ብሬከሩ (መብራት ማቋረጫው) ይወርዳል። እንጀራው ትንሽ ነውና እንግዳ ሲኖር ጋገራው በዋዜማው ቢጀመር ይሻላል።

ሞተር ላላቸው ዕቃዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሺዙኦካው ፉጂ ወንዝ በስተምሥራቅ መብራቱ 50 ኸርዝ፣ በስተምዕራብ 60 ኸርዝ ነው። ናጎያ 60 ላይ ናት። ከቶኪዮ ያገለገለ ማይክሮዌቭ ወይም ልብስ ማጠቢያ ከመግዛትዎ በፊት ጀርባው ላይ 50/60 መባሉን ይዩ።

ጥያቄ፦ ከፉኩኦካ ወደ ቶኪዮ ተዛወርን። እንደለመድነው ቆሻሻውን ማታ ብናወጣ ጠዋት ቁራ በትኖት፣ ከረጢቱ ላይም ወረቀት ተለጥፎበት አገኘነው። ጎረቤቶች አኩርፈውናል።

መልስ፦ ጥፋቱ የልማድ ነው። ፉኩኦካ ከተማ ቆሻሻ የሚነሳው ሌሊት ስለሆነ ሰዉ የሚያወጣው ከፀሐይ መጥለቅ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። በቶኪዮ 23 ክፍለ ከተሞች ግን የሚወጣው በዕለቱ ጠዋት፣ እስከ 2 ሰዓት (በጃፓን ሰዓት 8፡00) ነው። ከረጢቱን ቁራ እንዳይበትነው ከሚሸፈንበት መረብ ሥር ሙሉ በሙሉ ያስገቡት፤ ጫፉ ከተረፈ ለቁራ ይበቃዋል።

የተለጠፈው ወረቀት ምክንያቱን ይናገራል፦ ቀኑ ተሳስቷል ወይም የማይቀላቀል ነገር ተቀላቅሏል። ከረጢቱን ወደ ቤት መልሰው፣ ለይተው፣ በትክክለኛው ቀን ያውጡ። እዚያው ከተዉት ኩርፊያው ይብሳል። ብዙ ጊዜ የሚያስይዘው የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑ ይከፈታል፣ በዙሪያው ያለው ወረቀት ይላጣል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ይጨፈለቃል። የወጥ ቅባትና የመጥበሻ ዘይት ቧንቧ ውስጥ አይደፋም፤ በጋዜጣ ይመጠጣል ወይም ከሱፐርማርኬት በሚገዛ ማርጊያ ዱቄት እንዲጠነክር ተደርጎ ከሚቃጠለው ጋር ይጣላል። የቀረው ፕላስቲክ ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ ይለያያልና የቀን መቁጠሪያውን ከራስዎ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት (ኩያኩሾ) ይቀበሉ።

ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ዕቃ «ሶዳይ ጎሚ» ነው፦ ቀን ያስይዛሉ፣ ባለ 200 ወይም ባለ 300 የን ተለጣፊ ከመንደር ሱቅ ገዝተው ይለጥፋሉ፣ ያወጣሉ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ልብስ ማጠቢያና ኤር ኮንዲሽነር ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም፤ ከ2001 ጀምሮ የራሳቸው ሕግ አላቸው። አዲስ ሲገዙ ሻጩ አሮጌውን በክፍያ እንዲወስድልዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቷት ጾም ጀምራለች። የመንግሥት ትምህርት ቤት ምሳ ግን ለሁሉም አንድ ነው። አሳማ የለበትም ወይ ብዬ ስጠይቅ «የለም» ይሉኛል፣ ግን ልቤ አላረፈም።

መልስ፦ ጥያቄው ስለ ሥጋ ብቻ ከሆነ መልሱም ስለ ሥጋ ብቻ ይሆናል። አሳማ የሚደበቀው በካሪው ቅመም፣ በሾርባ ዱቄትና በስብ ውስጥ ነው። «ቡታኒኩ» (የአሳማ ሥጋ) ከማለት ይልቅ «ፖኩ ኤኪሱ፣ ራዶ» ብለው መረቁንና ስቡን ለይተው ይጠይቁ። የአሳማን ፊደል (豚) ምስል ስልክዎ ላይ አኑሩት፤ በዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ያ ፊደል ነው።

ጾሙ ይከብዳል። ወተት አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ ይቀርባል፣ ዳቦው ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት አለው፣ ሾርባው በደረቅ ዓሣ ውሃ (ዳሺ) የተሠራ ነው፤ ዓሣ ለማትቀምስ ልጅ ከሩዙ በቀር የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የወሩ የምግብ ዝርዝር አስቀድሞ ወደ ቤት ይላካልና ረቡዕና ዓርብን ቀለም ይቀቡባቸውና ለመምህሯ ያሳዩ። ምክንያቱ ሃይማኖት መሆኑን በግልጽ ይንገሩ፤ አለርጂ ካሉ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃሉ። ከዚያ ሩዙን ከትምህርት ቤት፣ ማባያውን ከቤት እንድታደርግ፣ ወይም በጾም ቀን ሙሉ ቤንቶ (ከቤት የሚያዝ ምሳ) እንድትይዝ ይጠይቁ። ውሳኔው የርዕሰ መምህሩ ነውና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ቤንቶው ፈሳሽ ወጥ አይሁን፤ ሽሮም ምስርም ወፈር ብሎ፣ ክዳኑ ሳይገጠም ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። ትኩሱን ከዘጉት እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ በበጋው ሙቀትም እስከ ቀትር ይሸታል።

ጥያቄ፦ ሌሊት መሬት ተንቀጠቀጠ። ጠዋት ምድጃው እምቢ አለ፣ የገላ ውሃም አይሞቅም። ጋዙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቆጣሪው ሥራውን ሠርቷል። በጃፓን መለኪያ (ሺንዶ) 5 ገደማ ሲደርስ ጋዙን በራሱ ይዘጋል። ሽታ ካለ ምንም አይንኩ፣ መስኮት ከፍተው፣ ወጥተው ለጋዝ ድርጅቱ ይደውሉ። ሽታ ከሌለ ምድጃውንም የውሃ ማሞቂያውንም ይዝጉ፣ ውጭ ያለውን ቆጣሪ ይፈልጉ፣ የቁልፉን ቆብ ነቅለው ቁልፉን ጠበቅ አድርገው ይጫኑና መብራቱ ሲበራ ይልቀቁት። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ጊዜ 3 ደቂቃ ጋዝ አይንኩ፤ ቆጣሪው የሚያፈስ ቦታ መኖሩን የሚመረምረው ያኔ ነው። አንዱ ምድጃ ክፍት ከቀረ የፈሰሰ መስሎት መልሶ ይዘጋል፣ ሰዉም ብልሽት ነው ብሎ ይደናገጣል። መብራቱ ከጠፋ ጋዙ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በጁን ወር ደመወዜ ድንገት ቀነሰ። አሠሪዬ እየወሰደብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። የነዋሪ ግብር (ጁሚንዘይ) የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለፈ የጃፓን ገቢ ስላልነበረዎ ምንም አልተቆረጠም። አሁን ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ 10 በመቶ ገደማው ከጁን እስከ ቀጣዩ ሜይ በ12 ወር ተከፋፍሎ ከደመወዝዎ ይቆረጣል። ዕዳው የሚጻፈው ጃንዋሪ 1 ቀን ነዋሪ በነበሩበት ከተማ ስም ነው፤ ፌብሯሪ ላይ ቤት ቢቀይሩም ክፍያው ለቀድሞው ከተማ ነው። ሥራ ከለቀቁ ደግሞ የቀረው በፖስታ ወደ ቤትዎ ሊመጣ ይችላልና ገንዘቡን ለብቻ ያስቀምጡ። ከጃፓን ለቀው ሊወጡ ከሆነም ዕዳው አይሰረዝም፤ ከመሄድዎ በፊት አጠቃለው ይክፈሉ ወይም በስምዎ የሚከፍል ነዋሪ በዚያው ከተማ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ።