የቨርጂኒያው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ለምን ታፈነ?

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ጥያቄ ልኮልኛል። ወንድሙ ባለ 46 ሞተር (0.46 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው) ሞዴል አውሮፕላን፣ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን፣ ከቨርጂኒያ አምጥቶለታል። እዚያ አሪፍ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ያስላል፣ የካንዴላውን ባትሪ ሲነቅለው ድርግም ይላል። "ካርቡሬተሩ ተበላሽቶ ይሆን?" ብሏል።

ወንድሜ፣ ካርቡሬተሩን እንዳትፈታው። ምንም አልሆነም።

ሞተሩ የተስተካከለው ለባህር ጠለል ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር የዚያን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። የነዳጁ መርፌ ግን የለመደውን ያህል ይለቃል። ስለዚህ ነዳጅ በዝቶበት ታፍኗል። የዚህ ሞተር ካንዴላ ብልጭታ የለውም። የፕላቲኒየም ሽቦው በ1.5 ቮልት ይግላል፣ ከዚያ በኋላ ሜታኖሉ ሲነድ ራሱ ያግለዋል። ነዳጅ ሲበዛ ሽቦው ይቀዘቅዛል። ባትሪውን ስትነቅል የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አሙቀው። ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ትልቁን መርፌ (በሙሉ ፍጥነት የሚገባውን ነዳጅ የሚወስነውን) አንድ አንድ ጠቅታ እያልክ ዝጋ። የታፈነ ሞተር አንዴ እየዘለለ ስለሚተኩስ ድምፁ ወፍራምና የተቆራረጠ ነው። ስትዘጋው ይቀጥናል፣ ይፈጥናል። አንድ ቦታ ላይ ከዚያ በላይ መፍጠን ያቆማል። እዚያ እንዳትተወው! ጆሮ የሚወደው ያንን ጩኸት ነው፣ ሞተር የሚገድለውም እሱ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነውና ነዳጅ ስትቀንስ ዘይትም ቀነስክ። ፒስተኑ ይበላል። 2 ወይም 3 ጠቅታ መልሰህ ክፈት፣ ጭሱ ትንሽ ይታይ።

ከተጠራጠርክ የነዳጁን ጎማ ለቅጽበት ቆንጠጥ አድርገህ ልቀቅ። ፈጠን ካለ ነዳጅ በዝቶበታል። ፍጥነቱ ወዲያው ከወደቀ ነዳጅ አንሶታል። ቀጥሎ ጓደኛህ አውሮፕላኑን አጥብቆ ይዞ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቁመው። ድምፁ ከደከመ አንድ ሁለት ጠቅታ ጨምርለት፤ በአየር ላይ ሽቅብ ሲወጣ የሚገጥመው ይኸው ነው።

መርፌው ለፕሮፔለሩ ቅርብ ስለሆነ እጅህን ከኋላ በኩል ስደድ። ጣት እንደ ጥፍር አይበቅልም።

ሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጠው ዝግ ብሎ የሚዞርበትን፣ በመጨረሻ ነው የምትነካው። ግማሽ ደቂቃ በሚኒሞ አሠራውና ነዳጁን በአንዴ ስጠው። እያጨሰ ካንተፋተፈ ትንሿን መርፌ በካቻቢቴ የዙር አንድ ስምንተኛ ዝጋ። ጭስ ሳያሳይ ድርግም ብሎ ከጠፋ ክፈት።

ሁሉም ተስተካክሎም የቨርጂኒያውን ጉልበት አታገኝም። አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያንሳል፣ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል። መንደርደሪያውን ረዘም አድርግለት፣ ለማረፍ ስትመጣም ፍጥነቱን ቶሎ አትቀንስበት።