አቤል ተስፋዬ በፊልም፦ ጠይቁኝ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ፒያሳ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዘፋኙ ዘ ዊኬንድ ማለትም የኛው አቤል የታየባቸውን ፊልሞች ደጋግሜ ስላየሁ ጥያቄዎቻችሁን በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከየቱ ልጀምር?
ከ«አንከት ጀምስ»፣ የ2019 ፊልም ነው። ታሪኩ 2012 ላይ ስለሆነ አቤል ገና ስሙ መነሳት ሲጀምር የነበረውን ራሱን ይጫወታል። ክለብ ውስጥ ይዘፍናል፣ ከዋናው ተዋናይ ከአዳም ሳንድለር ጋርም ይደባደባል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ግን ያምርበታል። እኔን የያዘኝ መክፈቻው ነው። ፊልሙ ኒውዮርክ ሳይደርስ በፊት ወሎ፣ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይጀምራል። ታሪኩ ሁሉ የሚሽከረከረው ከዚያ በወጣ ጥቁር ኦፓል ዙሪያ ነው። የወሎ ድንጋይና የሐበሻ ልጅ አንድ ፊልም ላይ! መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኦፓል እውነት እንደዚያ ያበራል?
እህቴ፣ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ቤቶች ጎራ በይ። መዳፍሽ ላይ አስቀምጠሽ እጅሽን ትንሽ ዘንበል ስታደርጊው አረንጓዴው ወደ ቀይ ይዞራል። ውሃ ውስጥ ግን እንዳትነክሪው። የወሎው የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ እስኪደርቅ ድረስ ቀለሙ ይጠፋል።

«ዘ አይዶል»ን ከእናቴ ጋር ልየው?
በፍጹም! ለአዋቂ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ነው፣ እናትህን አታሳቅቃት። በ2023 5 ክፍል ታይቶ ተቋረጠ። ተቺዎች አብጠልጥለውታል፤ እኔም አልከራከርለትም። አቤል የሚጫወተው ሰው ስም ቴድሮስ ነው። ያን ስም ሴት ልጅን ለሚያታልል የክለብ ባለቤት መስጠቱ ከብዶኛል።

ኦስካር ታጭቷል?
አዎ፣ በ2016 በፊልም ዘፈን። አላሸነፈም።

ዶክመንተሪስ አለው?
«ዘ ሾው» አለ። በ2021 ታምፓ ላይ ለሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታ) የእረፍት ሰዓት ትርዒት እንዴት እንደተዘጋጀ ያሳያል። ጊዜው የኮቪድ ነበር። ከራሱ ኪስ 7 ሚሊዮን ዶላር እንደጨመረበት ተዘግቧል። መድረክ ላይ የምናየው ደቂቃ ስንት ሰው እንደሚያለፋ የሚገባን እዚህ ነው። ሙዚቃ የጀመራችሁ ልጆች በተለይ እዩት።

የ2025ቱ ፊልምስ?
«ሃሪ አፕ ቱሞሮው»። በ2022 ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ድምፁ ጠፍቶ ኮንሰርቱን አቋርጦ ነበር፤ መነሻው ያ ነው። ምስሉ ግሩም፣ ታሪኩ ግን ሳስቶብኛል።

በሥራዎቹ ውስጥ አማርኛ የት ልስማ?
እሱን ዘፈን ላይ ፈልጊው። የ2015ቱን «ዘ ሂልስ» እስከ መጨረሻው ስሚ፤ «እወድሃለሁ፣ የኔ ቆንጆ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ ሁሌም እዚያ ሳይደርስ ይቀየራል። እኔ ከኋላ ወንበር «ወንድሜ፣ ትንሽ ተወው» እላለሁ።