የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ቢል (የክፍያ መጠየቂያ) ለመጣባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ከወገኖቼ የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመኪና አደጋ ደርሶበት በሄሊኮፕተር ተወሰደ። ከሥራው ኢንሹራንስ አለው፤ ግን 41 ሺህ ዶላር ክፈሉ የሚል ደብዳቤ መጣብን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፈልሽ። አሁን ገንዘብ አትላኪ፣ የክፍያ ስምምነትም አትፈርሚ። መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ የሚላከውን ኢኦቢ የሚባል የክፍያ ማብራሪያ ወረቀት ጠብቂ። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ስላለበት ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ የእናንተን ድርሻ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው «ኖ ሰርፕራይዝስ አክት» የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ሄሊኮፕተሩ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ባይኖረውም፣ ውል ቢኖረው ትከፍሉት የነበረውን ዲደክተብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን) እና ኮፔይ (ከዚያ በኋላ የሚደርሳችሁን ድርሻ) ብቻ ትከፍላላችሁ። በቀረው ኩባንያውና ኢንሹራንሱ ይነጋገሩበት፤ ካልተስማሙ ገለልተኛ ዳኛ አላቸው። ይህን መብታችሁን እንድትተዉ ሊያስፈርሟችሁም አይችሉም።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ቢሎቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ደንግጠው በወር 300 ዶላር ሊከፍሉ ፈርመው፣ 7 ወር ከፍለዋል። ከፌስታሉ ሥር ያልተከፈተ ፖስታ ወጣ፤ ኢኦቢው ነው። ድርሻቸው 1,200 ዶላር ብቻ ነበር። የከፈሉትን ትርፍ 900 ዶላር ለማስመለስ አራት ወር ፈጀብን። እባካችሁ ፖስታ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ ግን ዋጋው ለምን እንዲህ ይንራል?

መልስ፦ አብራሪው፣ ነርሷና ፓራሜዲኩ ጥሪ ባይመጣም ሌት ተቀን ተጠባባቂ ናቸው፤ ያ ወጪ ጥቂት በረራዎች ላይ ይጫናል። ሌላው ምክንያት ሕግ ነው። በ1978 የወጣው የአየር መንገዶች ሕግ ስቴቶች የበረራ ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል፤ አየር አምቡላንስም እዚያው ውስጥ ገባ። ኖርዝ ዳኮታና ዋዮሚንግ የሚባሉት ስቴቶች ዋጋውን ሊቆጣጠሩ ሞክረው ፍርድ ቤት አስቆማቸው። የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት ባጠናው መሠረት በ2017 ለአንድ የሄሊኮፕተር ጉዞ የሚጠየቀው መካከለኛ ዋጋ 36,400 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሱ «በሄሊኮፕተር መሄድ አላስፈለገም» ብሎ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያልኩት ሕግ እዚህ ላይ አያድንህም፤ ይግባኝ ማለት አለብህ። በ180 ቀን ውስጥ አስገባ። በረራውን ካዘዘው ሐኪም ደብዳቤ ያዝ፤ በመኪና ቢሄድ ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበርና መዘግየቱ ምን ያስከትል እንደነበር በግልጽ ይጻፍልህ። ያለዚህ ደብዳቤ የገባ ይግባኝ ሲረታ እምብዛም አላየሁም። እንደገና እምቢ ካሉ፣ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጪ ያለ ገምጋሚ እንዲያየው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) አላቸው።

መልስ፦ በረራው ለሕክምናቸው ያስፈለገ ከሆነ ሜዲኬር ራሱ ከተመነው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል፤ እሳቸው ዲደክተብላቸውንና 20 በመቶውን። ከዚያ በላይ መጠየቅ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ያለ ጓደኛዬ አምስት ሳንቲም አልተጠየቀም። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እዚያ ከአደጋ ቦታ የሚያነሳው የስቴት ፖሊስ ሄሊኮፕተር በሽተኛን አያስከፍልም፤ ወጪው የሚሸፈነው ከመኪና ምዝገባ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዛወሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የግል ኩባንያ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ የሌለውስ?

መልስ፦ ይህ ልቤን የሚያደማው ነው፤ «ኖ ሰርፕራይዝስ አክት» ለእሱ አልደረሰለትም። ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሶሻል ወርከሯን (የሆስፒታሉን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ጠርታችሁ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) አመልክቱለት፤ በብዙ ስቴቶች ከማመልከቻው በፊት ያለውንም ሕክምና ይሸፍናል። የሆስፒታሉ የነፃ እርዳታ የበረራ ኩባንያውን ቢል አይነካም፤ ለኩባንያው ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ቅናሹንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ መብቴን ከጣሱ ለማን ልናገር?

መልስ፦ በ1-800-985-3059 ደውሉ፤ የፌዴራል መንግሥት መስመር ነው። ቢሉንና ኢኦቢውን አጠገባችሁ ይዛችሁ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።